ከመቶው ሦስቱ የማን ልጆች ናቸው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በምሥራቅ ጎጃም፣ ደጀን ላይ፣ ብቸና ላይ፣ ሞጣ ላይ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትምህርት ቤታችን ስንት አሳለፈ?» መልሱ በአንድ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩም ወዲያው ፍርድ ይሆናል። ብዙ ያሳለፈ ትምህርት ቤት መምህራኑ ጎበዞች፣ ርእሰ መምህሩ ብርቱ ይባላሉ። ያላሳለፈው ደግሞ «እዚያ ምን ትምህርት አለ?» ይባልና አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ዘንድ ለመላክ ሽር ጉድ ይላል። ይህ አነባበብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመቶ ስንት እንዳሳለፈ የሚያሳየው ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚናገረው በዚያ ግቢ ማን እንደተማረ ነው። መምህሩ ምን ያህል እንደደከመ፣ ልጁስ ከገባበት ቀን ወዲህ ምን ያህል መንገድ እንደተራመደ ብቻውን አይናገርም። «የገበሬ ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ?» ብሎ የሚያልፈው ሰውም ቢሆን ከዚህ ያላነሰ ተሳስቷል። ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒ ቢመስሉም የሚመነጩት ከአንድ ጉድለት ነው፤ ተማሪው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚለካ አሠራር የለንም።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው በ2015 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር፤ መልሱም በስልክ ከክፍል ክፍል ይዞር ነበር። በጥቅምት 2015 ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ እዚያው አድረው፣ ስልክ ሳይዙ ተፈተኑ። በጥር ወር የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ሲያስታውቁ አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,161 ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዙር፣ በዚያው በ2015 ማብቂያ፣ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ግን በ2017ም ከ1,200 በላይ ነበሩ።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄዱ ትክክል ነበር። በኩረጃ የተገኘ ውጤት የዩኒቨርሲቲ በር ከፍቶለት አንደኛ ዓመት ላይ የሚወድቀው ልጅ፣ ከቤተሰቡም ከራሱም ላይ ብዙ ነገር ተቀምቷል። ስለዚህ ይህ ሐተታ ከፈተናው ጋር ጠብ የለውም። ጠቡ ከፈተናው ውጤት ላይ የትምህርት ቤቶችን ደረጃ በቀጥታ ከሚያነብበው ልማድ ጋር ነው። ምክንያቱም በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ውስጥ፣ ብዙ ሰው ያላስተዋላቸው ሁለት ነገሮች ተቀምጠው ነበር።

አንደኛው የትምህርት መስክ ነው። ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 339,642 ውስጥ 22,936 አለፉ፤ 6.8 በመቶ። ከማኅበራዊ ሳይንስ 556,878 ውስጥ ያለፉት ግን 6,973 ናቸው፤ 1.3 በመቶ። ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። አሁን ሁለት ትምህርት ቤቶችን እናስብ። በአንደኛው ከመቶ ተማሪዎች ስድሳው ተፈጥሮ ሳይንስ ይማራሉ፤ በሌላኛው ሃያው ብቻ። ሁለቱም በየመስኩ ልክ እንደ አገር አቀፉ አማካይ ያሳልፋሉ እንበል፤ በማስተማር አንዱ ከአንዱ በምንም አይበልጥም። የመጀመሪያው 4.6 በመቶ፣ ሁለተኛው 2.4 በመቶ ያሳልፋል። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ የመጀመሪያውን «በእጥፍ የተሻለ» ይለዋል። ልዩነቱ ግን ሙሉ በሙሉ የመጣው ልጆቹ ከተመደቡበት መስክ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው፣ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ የማያገኝ ትምህርት ቤት ልጆቹ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ቢያዘነብሉ አያስገርምም፤ ያ ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ነገር ግን የታሪክና የጂኦግራፊ መምህሩ ስንፍና ተደርጎ ሊጻፍበት አይገባም።

ሁለተኛው ብዙ ያልተወራለት ነገር ወንፊቱ መነሣቱ ነው። ለዓመታት ወደ 11ኛ ክፍል፣ ማለትም ወደ መሰናዶ፣ የሚያልፈው በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተለየው ተማሪ ነበር። ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ተዘጉ። ያኔ 10ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ናቸው እንግዲህ ጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ አድረው የተፈተኑት፤ በ10ኛ ክፍል ወንፊት ሳያልፉ 12ኛ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መሆናቸው ነው። የተፈታኙ ቁጥር ካለፈው ዙር 600 ሺህ ገደማ ወደ 900 ሺህ የተጠጋውም ለዚህ ነው። ስለዚህ 3.3 በመቶው የሁለት ነገሮች ድምር ነበር፤ ኩረጃ መቅረቱና ተፈታኙ ራሱ መለወጡ። ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን አወራ፤ ሁለተኛውን ያነሣው ጥቂት ነው።

ዜሮ ያሳለፉት ትምህርት ቤቶች ዝርዝርም እንዲሁ በጥንቃቄ የሚነበብ ነው። አርባ ተፈታኝ ብቻ ያስፈተነ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ልክ እንደ አገሩ አማካይ ቢሆኑም እንኳ፣ በዕድል ብቻ ማንንም ሳያሳልፍ የሚቀርበት አጋጣሚ ከአራት አንድ ነው። መቶ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችን ብቻ ያስፈተነም ከዚያ በላይ የሆነ ዕድል ላይ ቆሟል። በሌላ በኩል ሦስት መቶ ልጆች አስፈትኖ ዜሮ የመጣ ትምህርት ቤት በዕድል አይሳበብም፤ እዚያ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። አንዱ ከሌላው ሳይለይ ሁሉም በአንድ ስም «ዜሮ ያሳለፉ» ተብለው ሲጠሩ፣ እርዳታ የሚያስፈልገውም እርምት የሚያስፈልገውም ይደባለቃሉ።

ደጀን ላይ የሚማረው ማን ነው?

ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የመንገድ ከተማ ናት። ከዓባይ ድልድይ ሽቅብ የወጣው ከባድ መኪና ሁሉ ትንፋሹን የሚሰበስበው እዚህ ነው፤ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድም የሚነሣው ከዚሁ አካባቢ ነው። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። የወረዳው ቆላ ቀበሌዎች ግን እንደ ኩራር ያሉት ከአፋፉ ሥር በረሃው ውስጥ ናቸው። እንዲህ ባለች ከተማ የሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰበስበው የአንድ ሰፈር ልጆችን አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው ልጅ፣ የነጋዴው ልጅ፣ ሆቴል ውስጥ እንጀራ የምትጋግር እናት ልጅ፣ የደጋው ገበሬ ልጅና ከቆላ የወጣው ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከቤታቸው አይመላለሱም። በምሥራቅ ጎጃም የወረዳ ከተሞች ሁሉ እንደሚታየው፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ተማሪ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ አገር ቤት ወርዶ ስንቁን፣ በሶውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያበስለው ራሱ ነው፤ ሲታመም የሚያየው የለም፤ የቤት ኪራዩ ሲጨምር ቀን ሥራ ይወጣል። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው የራሱ ቤት አስተዳዳሪ ሆኗል ማለት ነው። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ደግሞ አባቱ ይፈልገዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የጤፍ ወራት ናቸው። አንዳንዱ ከዚያም ርቆ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርድና ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ይመለሳል። ስም ሲጠራ «ቀሪ» የተባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የቀረው።

የሴት ልጆች ነገር ከዚህም ይከብዳል። ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ እንጀራውን የምትጋግረው፣ ውሃውን የምትቀዳው፣ ልብሱን የምታጥበው እርሷ ናት፤ የጥናት ሰዓቱ ለእርሱ ይተርፋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የአማራ ክልል ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 16 ዓመት አካባቢ ነበር፤ ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው። ይህ ማለት 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ያለች ልጅ በቤቷ ውስጥ ስለ ጋብቻዋ ይነጋገሩባታል ማለት ነው። 12ኛ ክፍል ደርሳ ለፈተና መቀመጧ በራሱ፣ ማንም የማይመዘግበው፣ ትምህርት ቤቱና ልጅቱ አብረው ያገኙት ውጤት ነው። ወድቃ ብትመለስ ግን በትምህርት ቤቱ መቶኛ ውስጥ የምትቆጠረው እንደ ጉድለት ነው። ጋብቻ ወስዷት 10ኛ ክፍል ላይ ብታቋርጥ ኖሮ ቁጥሩን አታወርደውም ነበር። እንዲህ ያለ መለኪያ የሚያደላው ልጆቹን ለሚያጣ ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ቋንቋው አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሌለው ልጅ የባዮሎጂ ጥያቄ ሲሳሳት፣ ያልገባው ባዮሎጂው ይሁን ቋንቋው መለየት ያስቸግራል። ጉድለቱ የሚጀምረው ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ በፊት ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው አድገው 12ኛ ክፍል የደረሱት። የ9ኛ ክፍል መምህር ከእነርሱ ጋር የተገናኘው ስምንቱ የመጀመሪያ ደረጃ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

«ድሮስ የገበሬ ልጅ አልነበረም ወይ?»

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከአገሬው ሽማግሌዎችና ከቀድሞ መምህራን ነው። ጎጃም የትምህርት አገር ነው ይላሉ። የቅኔው ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም የት ነው ያሉት? የቆሎ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፣ ለምኖ በልቶ፣ የእንጨት ጎጆ ውስጥ አድሮ አይደለም ወይ ሊቅ የሆነው? በንጉሡም በደርግም ጊዜ ከደብረ ማርቆሱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ወጥተው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ሰው የሆኑት የገበሬ ልጆች አልነበሩም ወይ? ታዲያ የዛሬው ልጅ ድህነቱ ምን አዲስ ነገር አለው?

ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ የያዘውም እውነት አለ። ነገር ግን የሚያስታውሰው የደረሱትን ብቻ ነው። ከአንድ ጉባኤ ቤት ስንት ልጅ ገብቶ ስንቱ በመንገድ እንደቀረ የጻፈ የለም። በንጉሡ ዘመን ከገጠር ተነሥቶ 12ኛ ክፍል የሚደርስ ልጅ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከየደብሩ፣ ከየአጥቢያው አንድ ሁለት። እነዚያ ጥቂቶች በየደረጃው በፈተና፣ በርቀት፣ በረሃብ የተበጠሩ ነበሩ። ዛሬ ያ ወንፊት የለም፤ ከየቀበሌው ብዙ ልጅ ይመዘገባል፤ ሊመዘገብም ይገባዋል። ያኔ የነበሩት አንድ ሁለት ልጆች ዛሬም አሉ፤ ልዩነቱ አብረዋቸው የሚቆጠሩ ብዙ መቶ ልጆች መኖራቸው ነው። የትናንቱን ምርጥ ከዛሬው ሁሉ ጋር አወዳድሮ «ትምህርት ወደቀ» ማለት ሁለት የተለያዩ ሕዝቦችን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው።

ይኸው ስሕተት ዛሬም በሌላ መልክ ይደገማል። ውጤት በወጣ ቁጥር እንደ ደሴ ልዩ አዳሪ፣ እንደ ኦዳ ልዩ አዳሪ፣ እንደ ባሕር ዳር ስቴም፣ እንደ መቀሌው ቃላሚኖ ያሉ ትምህርት ቤቶች በአርአያነት ይነሣሉ። በእነዚያ ግቢዎች የሚሠራው ሥራ ሊመሰገን ይገባል። ግን የሚገባባቸው ተማሪ በመግቢያ ፈተና የተመረጠ ነው፤ አዳሪዎቹ ዘንድ ደግሞ ልጁ ምግቡም መኝታውም ተችሎለት፣ ማታ መብራት እያለው ያጠናል። ደጀን ያለ ትምህርት ቤት የሚቀበለው ከዚህ ምርጫ የቀረውን ልጅ ነው። በየወረዳው ቀዳሚ የነበሩት ሦስትና አራት ልጆች ለአዳሪ ትምህርት ቤት ተመርጠው ሲሄዱ፣ 50 በመቶን ያልፉ የነበሩት ከተነሡበት ትምህርት ቤት መዝገብ ይወጣሉ። ለልጆቹ የሚበጅ ነገር ነው፤ ማንም አይቃወመውም። በዚያ ምክንያት ዜሮ የሆነውን ትምህርት ቤት ከዚያው አዳሪ ትምህርት ቤት ጎን አቁሞ ማሳፈር ግን ፍትሕ የለውም። የጤፍ ገበሬ እንኳ ዋልካውን ካረሰ ጎረቤቱ ጋር ጭንጫ ላይ የዘራውን ሰው ምርት ሲያወዳድር አስቀድሞ መሬቱን ይጠይቃል።

መነሻው ሰበብ ሲሆን

እስከዚህ የተባለውን ተቀብሎ አንድ ርእሰ መምህር ወይም የወረዳ ኃላፊ «እንግዲያው ችግሩ የኛ አይደለም» ሊል ይችላል። ይህ ከሁሉ የከፋ መደምደሚያ ነው፤ ማስረጃም የለውም።

የተማሪው የቤተሰብ ሁኔታ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ውጤትን ይወስናል የሚለው ሐሳብ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በወጣው የጄምስ ኮልማን ጥናት ነው። ጥናቱ 4,000 ገደማ ትምህርት ቤቶችንና ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ነበር፤ በትምህርት ቤቶች መካከል ያለው የሀብት ልዩነት፣ ከልጁ ቤተሰብና አብረውት ከሚማሩት ልጆች ሁኔታ አንጻር ሲታይ፣ በውጤት ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ስቲቨን ሃይንማንና ዊልያም ሎክስሊ የ29 አገሮችን መረጃ ሲመረምሩ ሌላ ነገር አገኙ። አገሩ ድሃ በሆነ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ድርሻ ከቤተሰቡ ድርሻ አንጻር እየጨመረ ይሄዳል። ምክንያቱ ለማሰብ አይከብድም። በበለጸገ አገር ልጁ ትምህርት ቤት ያጣውን ከቤቱ ያገኛል፤ መጽሐፉም፣ የተማረው ወላጅም፣ አስጠኚውም አለ። ከኩራር የወጣው ልጅ ግን የአልጀብራን ትርጉም የሚያገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከክፍሉ። መምህሩ ከቀረበት የሚተካለት የለም።

ስለዚህ «የገበሬ ልጅ ነው» የሚለው አባባል ከሰበብ ወደ ግዴታ መዞር አለበት። የገበሬ ልጅ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ለእርሱ ከማንም በላይ ወሳኝ ነው። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። በትምህርት ሚኒስቴር በራሱ ምዘና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 71 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከደረጃ በታች ሆነው ተገኝተው ነበር። ደካማ መነሻ ያለው ልጅ ደካማ ትምህርት ቤት ይደርሰዋል፤ ልምድ ያካበተው መምህር ወደ ዞን ከተማና ወደ ክልል ከተማ ዝውውር ይጠይቃል፤ አዲስ ተመራቂው ወደ ወረዳ ይመጣል። በዚህ ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣውን የፕላዝማ ትምህርት ማስታወስ ይጠቅማል። አንድ ትምህርት በሳተላይት ለመላው አገር በአንድ ፍጥነት ሲተላለፍ፣ የአዲስ አበባውም የደጀኑም ልጅ እኩል አገኘ ተባለ። እንግሊዝኛውን ያልተከተለው ልጅ ግን እጁን አንሥቶ የቴሌቪዥኑን መስኮት «ቆይ» ሊለው አልቻለም። እኩል ማከፋፈልና እኩል ማድረስ ተምታትቶብን ብዙ ዓመት ቆይተናል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሕዝቡን አስተባብሮ ክፍሎችንና አጥሮችን ማደሱ መልካም ነው። የማካካሻ ፕሮግራሙም 50 በመቶ ካልደረሱት ለተወሰኑት በዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ትምህርት ሰጥቷል፤ ለብዙ ልጆች ሁለተኛ ዕድል ሆኗል። ሁለቱም ግን ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ምን እንደጎደለው አይጠይቁም። ከ12ኛ ክፍል በኋላ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ማካካሻ 9ኛ ክፍል መግቢያ ላይ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ቢሰጥ፣ ወጪው ያንሳል፤ የሚደርሰውም ብዙ ልጅ ነው።

ከ8ኛ እስከ 12ኛ

የእንግሊዝ መንግሥት ይህንን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በዋናነት በተማሪው እድገት መለካት ጀመረ። ልጁ የመጀመሪያ ደረጃን ሲጨርስ ያመጣው ውጤት ይያዝና፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ መነሻ ከነበራቸው የአገሩ ልጆች ጋር ይነጻጸራል። መለኪያው እንከን የለሽ አልሆነም፤ የድህነትን ጫና ሙሉ በሙሉ አያነሣም የሚል ትችት ሲቀርብበት ኖሯል። ያም ሆኖ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ልጆች ተቀብሎ ብዙ ያራመደ ትምህርት ቤት መኖሩን በግልጽ አሳየ።

ለእኛ ይህ የማይደረስበት ነገር አይደለም። የ8ኛ ክፍል ክልል አቀፍ ፈተና አለ፤ ውጤቱም በክልሉ ትምህርት ቢሮ እጅ ነው። የ12ኛው ውጤት ደግሞ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት አለ። የአንድ ልጅ ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በመስክ፣ በጾታና ከገጠር ተከራይቶ የሚማር መሆን አለመሆኑ ቢለይ፣ የደጀን ነዋሪ የሚያገኘው መልስ ከ«ስንት አለፈ» የራቀ ይሆናል። 8ኛ ክፍል ላይ 45 ያመጡ ልጆች በዚህ ትምህርት ቤት የት ደረሱ? ተመሳሳይ ውጤት የነበራቸው የብቸናና የሞጣ ልጆችስ? ሴቶቹ በስንተኛ ክፍል ላይ ጠፉ? እነዚህ ጥያቄዎች መምህሩን ከተጠያቂነት አያወጡትም። ይልቅ እስከ ዛሬ ተሸፋፍኖ የኖረውን ያወጡታል፤ ጥሩ መነሻ ያላቸው ልጆች ተቀብሎ ብዙ ስላሳለፈ ብቻ የሚመሰገን የከተማ ትምህርት ቤት፣ በእድገት ሲለካ ምንም ያልጨመረ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የውጤቱ ከዓመት ዓመት መሻሻልም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። የማለፍ ምጣኔው ከ3.2 ወደ 8.4 በመቶ ባደገባቸው ሁለት ዓመታት ተፈታኙ ከ845,099 ወደ 585,882 ወርዷል። በ2017 ያለፉት 48,929 ልጆች ናቸው። ይህ ቁጥር በ845,099 ቢካፈል 5.8 በመቶ ይሆናል። እድገቱ እውነት ነው፤ ያለፉት በቁጥርም ጨምረዋልና ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ከሚታየው ከፍታ ግማሽ ያህሉ የመጣው ተፈታኙ ስላነሰ ነው። ያልተፈተኑት እነማን ነበሩ?

መልሱ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑበት ዓመት አልፏል። ትምህርት ሲቆም መጀመሪያ የሚቀረው ተከራይቶ የሚማረው የገጠር ልጅ ነው፤ ዘመድ ያለው ወደ አዲስ አበባ ይሻገራል፣ የከተማው ልጅ በር ሲከፈት ይመለሳል። ሁለትና ሦስት ዓመት የባከነባቸው ልጆች ደጀን ላይም ብቸና ላይም አንድ ቀን ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ዕድሜያቸው ከክፍል ጓደኞቻቸው ይበልጣል፤ የጀመሩትን ረስተዋል፤ አንዳንዶቹ አግብተዋል፤ አንዳንዶቹ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። እነርሱን በሙሉ ልብ የተቀበለ ትምህርት ቤት፣ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የማለፍ ምጣኔው ይወርዳል። «ዕድሜህ አልፏል፣ ማታ ተማር» ብሎ የመለሳቸው ደግሞ ከፍ ብሎ ይታያል። ትምህርት ቢሮው የእድገት መለኪያውን አሁኑኑ፣ እነዚህ ልጆች በር ላይ ሳይደርሱ፣ ሥራ ላይ ማዋል ያለበት ለዚህ ነው። የወረዳው ርእሰ መምህር ተመላሹን ልጅ ሲመዘግብ የራሱን ትምህርት ቤት ስም እየጎዳ እንደሆነ እንዲያስብ መገደድ የለበትም።